«ምን በድዬው ነው?» ላልሽኝ የቱሉ ዲምቱ ጋጋሪ

በፍልሰታ ጾም አጋማሽ የደረሰኝን ደብዳቤ አሳጥሬ አስቀድማለሁ፦

«እትዬ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዕድሜዬ 39 ነው፤ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን እንኖራለን። እንጀራ ጋግሬ ለሱቆችና ለሁለት ምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። በታኅሣሥ እናቴን ቀበርኩ፤ ዕድሜዋ ገፍቶ ነበር። ባለቤቴ 14 ዓመት ገልባጭ መኪና ነድቷል፤ ወገቡን ታሞ ከጥር ጀምሮ ቤት ነው፣ ግድግዳ እያየ ይውላል። በሚያዝያ የዕቁባችን ሰብሳቢ የሰው ብር ይዞ ጠፋ፤ የእኔ ዕጣ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። በሰኔ አንዱ ምጣዴ ተቃጠለ። ጤፍ ሲወደድ እኔም እንደ ሰው ሩዝ መቀላቀል ጀመርኩ፤ አብራኝ የምትጋግረውን ልጅም የሁለት ወር ደመወዟን አልሰጠኋት፣ እሷም ሁኔታዬን ታውቃለች። ጾሜን አልፈታሁ፣ ከቤተ ክርስቲያን አልቀረሁ። ጎረቤቴ 'ይሄ ሁሉ ባንዴ ያለ ነገር አይመጣም፣ ራስሽን መርምሪ' አለችኝ። አንድ ሰው ዘንድም ወሰደችኝ። ያለብኝን ሁሉ ከነገርኩት በኋላ ደጃፌ ላይ መተት ተቀብሯል አለ፤ ለማውጣት 20,000 ብር ጠየቀኝ። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የሠራሁትን እየቆጠርኩ አነጋለሁ። አንዳንዴም ባይነጋስ እላለሁ። እግዚአብሔርን ምን በድዬው ነው? እንዲህ እየሆነስ እንዴት ነው ማመን የሚቻለው?»

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከጥያቄዎችሽ ሁሉ በፊት «ባይነጋስ» ካልሽው ልጀምር። ይህን ያናገረሽ ድካም ከሆነ፣ ድካም ብዙ ያናግራልና እረዳሻለሁ። ከዚያ አልፎ በራስሽ ላይ ጉዳት የማድረስ ሐሳብ የሚመጣብሽ ከሆነ ግን ዛሬውኑ፣ ነገ ሳትዪ፣ ለባለቤትሽ ወይም ለምታምኚው ሰው ንገሪ። ብቻሽን አትደሪ። ጤና ጣቢያ ሄደሽም «እንቅልፍ ካጣሁ ይህን ያህል ጊዜ ሆነኝ፣ መኖርም አስጠልቶኛል» በያቸው። እንዲህ ብሎ መናገር እምነት ማጉደል አይደለም። ነቢዩ ኤልያስ በምድረ በዳ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «በቃኝ፣ ነፍሴን ውሰዳት» ብሎ ለምኗል። የመጣለት መልአክ ያደረገውን አስተውዪ። አልገሠጸውም፣ በደሉንም አልቆጠረበትም። የተጋገረ እንጎቻና ውኃ ከራስጌው አኖረለት፤ በልቶ ተመልሶ ሲተኛም ተወው፤ ዳግመኛ ቀስቅሶ «መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ» አለው። እግዚአብሔር ያነጋገረው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው።

አንቺ ደግሞ ሌሊቱን በምጣድ ፊት፣ ቀኑን በሱቅ ደጅ፣ የተረፈችውን ሰዓት ኃጢአት በመቁጠር ታሳልፊያለሽ። በዚህ ላይ ጾም ጨምሪ ያለሽ ሰው ካለ፣ ከሱ በፊት ለንስሐ አባትሽ ጉልበትሽ የት እንደ ደረሰ ንገሪያቸው። ቤተ ክርስቲያን ለታመመና ለደከመ ሰው የምትሰጠው ምክር አላት፤ ያንን መጠየቅ ጾም መሻር አይደለም።

የ20,000 ብሩም ነገር አያድርም። አትስጪው። በዚህ አልለሳለስም፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ሰው ስንቱን የከተማ ዳር ቤት እንዳራቆተ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰውየው ያወቀው ምንድን ነው? አንቺው የነገርሽውን ነው። ነቢዩ ኤልሳዕ ንዕማንን ከለምጹ ሲያነጻው የቀረበለትን ብርና ልብስ አልነካም፤ ገንዘቡን ተከትሎ የሮጠው ሎሌው ግያዝ ያገኘው ያንኑ ለምጽ ነው። የእግዚአብሔር ምሕረት ተመን ተቆርጦለት ሲቀርብልሽ፣ የቀረበልሽ ሌላ ነገር መሆኑን እወቂ። ደግሞም ያ ብር ቢገኝ እንኳ አስቀድሞ የሚጠብቀው ሰው አለ፤ እመለስበታለሁ።

ጎረቤትሽ «ይሄ ሁሉ ባንዴ» አለችሽ። እስቲ አብረን እንየው።

እናትሽ ዕድሜያቸው ገፍቶ ነበር ብለሻል። ኀዘን ነው፣ ገና ዓመት አልሞላውም፣ ከባድ ነው። ቅጣት የሚያሰኘው ነገር ግን አላየሁበትም። ባለቤትሽ 14 ዓመት ሙሉ በገልባጭ ወንበር ላይ፣ ብዙው ባልተሠራ መንገድ፣ ተንገጫግጯል። ያ ወገብ የታመመው በጥር ሳይሆን ለዓመታት ሲታመም ኖሮ በጥር እንቢ ስላለ ነው። እሱ ቤት ሲውል አንቺ ትእዛዝ ጨመርሽ፤ ትእዛዙ ሲጨምር ምጣዶቹ ሳይበርዱ መዋልና ማደር ጀመሩ። እዚያ ዳር ሰፈር መብራቱ ሄድ መጣ ሲል፣ ሲመለስም ኃይሉ ከፍ ዝቅ ሲል፣ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚስብ ምጣድ ቢቃጠል ምን ይገርማል? አየሽ፣ አንዱ ሌላውን ስቦት እንጂ ሁሉም ከሰማይ ባንዴ አልወረደብሽም።

ጤፉንም እንይ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር ግድም የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ነዳጁም ማጓጓዣውም ተከትሎ ጨመረ። የመብራት ታሪፉም ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ ነው። ይህን ሸክም ከሰበታ እስከ ለገጣፎ ምጣድ የጣደች ሴት ሁሉ ተሸክማዋለች። የሁሉንም ሸክም የአንቺ የኃጢአት ዕዳ አድርገሽ ለብቻሽ ልትከፍዪው አትችዪም።

የዕቁቡ ሰብሳቢ ያደረገው ኃጢአት ነው፤ ግን የእሱ ነው። እሱ ለሰረቀው አንቺ ንስሐ የምትገቢበት ምክንያት የለም።

በጌታችን ዘመን የሰሊሆም ግንብ ተንዶ 18 ሰዎች ገደለ። ሕዝቡ ያሰበው ያው ጎረቤትሽ ያሰበችውን ነበር። እሱ ግን፣ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ እነዚያ በደለኞች ይመስሏችኋልን ብሎ ጠየቃቸው፤ ራሱም አይደለም አላቸው። ወዲያው ደግሞ ስለ ንስሐ ተናገረ። ሁለቱ አብረው መምጣታቸው ለብዙ ዓመታት ግራ ያጋባኝ ነበር። በደለኞች ስለ ሆኑ አይደለም የሞቱት ካለ፣ ስለ ንስሐ ለምን አነሣ? ቆይቶ ነው የገባኝ። ንስሐ የሚያስፈልገን ግንብ ስለ ተናደብን አይደለም፤ ግንቡ ቢቆምም ቢወድቅም ያስፈልገናል። የግንቡ መውደቅ ግን ስለ ሟቾቹ ምንም አይመሰክርም። አንቺ ሌሊት ሌሊት የምታደርጊው ከወደቀው ግንብ ተነሥተሽ ወደ ኋላ በደል መፈለግ ነው። በዚያ መንገድ የሄደ ሰው ደግሞ ሳያገኝ አይመለስም፤ ካጣም ይፈጥራል።

ከመጽሐፉ ሁሉ ላንቺ የምትቀርበው ሴት የሰራፕታዋ መበለት ትመስለኛለች። ታሪኳ መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 17 ላይ ነው። እንደ አንቺ የዱቄት ሰው ናት። በማድጋዋ የቀረው እፍኝ ዱቄት ነበር፤ እሱንም ጋግራ ከልጇ ጋር በልታ ለመሞት እንጨት ትለቅም ነበር። ኤልያስ መጣ፣ ከዚያችው እፍኝ አካፈለችው፣ ዱቄቱም አላልቅ አለ። ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። የሚቀጥለው ግን ልጇ ታሞ መሞቱ ነው። ተአምር ባየችበት ቤት፣ ነቢይ ባሳደረችበት ቤት! ያን ጊዜ ያለችው አንቺ ያልሽውን ነው፤ ኃጢአቴን ልታሳስብ፣ ልጄንም ልትገድል መጣህን ብላ ኤልያስን ጠየቀችው። የቱን ኃጢአት እንደ ሆነ አልተጻፈም። አንድ የቆየ ነገር በልቧ ኖሮ ይሆናል፤ ልጇ ሲሞት በደሉና ሞቱ አንድ ሆኑባት።

ኤልያስ የመለሰላትን ልብ በዪ። አዎ፣ በኃጢአትሽ ነው አላላትም። አይ፣ ኃጢአት የለብሽም ብሎ አልሸነገላትምም። «ልጅሽን ስጪኝ» ነው ያላት። ታቅፎ ወደ ሰገነቱ ወጣና ጥያቄውን ራሱ ወደ እግዚአብሔር አቀረበው፤ በዚህች መበለት ላይ ለምን ክፉ አመጣህ ብሎ እሷን ወክሎ ጮኸ። ጎረቤትሽ እንዲህ ብታደርግልሽ ኖሮ! መርምሪ ከምትልሽ ልጆችሽን አንድ ቀን ብትይዝልሽና አንቺ ብትተኚ ኖሮ።

ይህን ስልሽ ራስን መመርመር የለብሽም ማለቴ አይደለም። ጎረቤትሽ የተናገረችው ቃል መልካም ነበር፤ የቆመበት ቦታ ነው የተሳሳተው። እንዲያውም መልሱ ከራስሽ ደብዳቤ ውስጥ አለ፤ አንቺ ሳታስቢው አልፈሽዋል። ከልጅነትሽ ጀምሮ ቆጥረሽ ያጣሽው ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተቀምጧል፦ የሩዙና የልጅቷ ደመወዝ። ስለ መተቱ ምን ያህል እንደ ጻፍሽና ስለ እነዚህ ምን ያህል እንደ ጻፍሽ ሄደሽ አስተያዪ።

ፍርሃትና ሕሊና ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ሌሊት ይቀሰቅሳሉ። እኔ የምለያቸው እንዲህ ነው። ፍርሃት «የሆነ ነገር አድርገሻል» ይላል፤ ምን እንደ ሆነ ስትጠይቂው ዝም ይላል፣ ወይም በዘጠኝ ዓመትሽ የሰረቅሽውን ሸንኮራ ያመጣል። ሕሊና ግን ስም ይጠራል፣ መጠንም ይናገራል። «ለእሷ የሁለት ወር ደመወዝ አለብሽ» ይላል። ፍርሃት ካህን ሲሰማውም አያርፍም። ሕሊና ግን የጠራው ሥራ ሲሠራለት ዝም ይላል።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አልተማርኩትም። ከብዙ ዓመት በፊት ዓለም ባንክ አካባቢ፣ ያኔ ሰፈሩ ገና ጭቃ ሳለ፣ ተከራይተን ስንኖር የቤት ሠራተኛ ነበረችኝ። ዕድሜዋ 17 ቢሆናት ነው። የቃል ኪዳን ቀለበቴ ጠፋና እሷን ጠረጠርኩ፤ ጎረቤት እየሰማ ሌባ ብዬ፣ የወሩን ደመወዝ ይዤ አሰናበትኳት። ከሁለት ወር በኋላ ቀለበቱን ከካፖርቴ ገበር ውስጥ አገኘሁት። ኪሱ ተቀዶ ኖሯል። አፈርኩ፤ ግን ልፈልጋት አልወጣሁም። ነገ ዛሬ ስል ባለቤቴ ከሥራ ወጣ፤ ልጄ በሳንባ ነቀርሳ ታመመ። እኔም «አገኘኝ፣ ይገባኛል» ማለት ጀመርኩ። በየደብሩ እየዞርኩ አለቀስኩ። እውነቱን ልንገርሽ፦ «ይገባኛል» ማለት ውስጥ የሚያሳፍር ዕረፍት ነበረበት። እየተቀጣሁ ስለ መሰለኝ፣ እየከፈልኩም መሰለኝ።

የንስሐ አባቴ ሰምተው ሲያበቁ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ልጄ፣ አንቺ ስትሠቃዪ ለእሷ ምን ደረሳት?»

ምንም አልደረሳትም ነበር። የትውልድ መንደሯ ከሰንዳፋ ወዲያ መሆኑን አውቅ ነበርና ሄድኩ። ልጅቷ ወደ ቤሩት ሄዳለች። እናቷን አገኘሁ። የወር ደመወዟን ከጭማሪ ጋር ሰጠኋቸው፤ ልጃቸው ሌባ እንዳልሆነችም ተናገርኩ። «ይህን ወሬ ሰፈርተኛው ሰምቷል፤ እነሱም ፊት ተናገሪው» አሉኝ። ጎረቤት ተጠራ፤ ደገምኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን እግሬ ከብዶኝ አያውቅም። ልጅቷን ራሷን እስከ ዛሬ አላገኘኋትም።

ባለቤቴ በማግስቱ ሥራ አገኘ እንዳልልሽ፣ አላገኘም። ሰባት ወር ቆየ። የልጄም መድኃኒት በቀጠሮው ነው ያለቀው። መከራው ሥራዬን አይቶ አልሄደም፤ ለሥራዬ ብሎም አልመጣም ነበርና። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስጸልይ የምሸሸገው ነገር አልነበረም። ችግሩ ያው ሆኖ ሳለ በችግሩ ውስጥ እግዚአብሔርን ቀና ብዬ ማነጋገር ቻልኩ።

አሁን ወደ ልጅቷ ደመወዝ። «ሁኔታዬን ታውቃለች» ብለሻል። ታውቃለች፤ አብራሽ ጭስ ጠጥታለች፣ ምጣዱ ሲቃጠል አብራሽ ነበረች። የቤት ኪራይዋ ግን ሁኔታሽን አያውቅም፤ አገር ቤት ያለችው እናቷም አታውቅም። እንቁጣጣሽ እየመጣ ነው፤ ምናልባት እናቷ ለዘይትና ለጨው የምትልክላትን ትጠብቅ ይሆናል። ዝም ያለችው ተስማምታ እንደ ሆነ በምን አወቅሽ? ከአንቺ ሌላ መሄጃ የሌላት ሰው ዝም ማለቷ ፈቃድ አይደለም። ኦሪት ዘዳግም የምንደኛን ደመወዝ ፀሐይ ሳይገባ ክፈል ሲል ምክንያቱንም ይናገራል፤ ድሀ ነውና ነፍሱ በእሱ ላይ ተንጠልጥላለች፣ በአንተም ላይ ወደ እግዚአብሔር እንዳይጮኽ ይላል። አንቺ በስምንት ወር ውስጥ ወደ እግዚአብሔር ስንት ጊዜ ጮኸሻል? አንድ ምጣድ ርቃ የቆመችው ልጅስ?

ባዶ እጅሽን እንዳለሽ አውቃለሁ። ስለዚህ የምልሽ ይህ ነው። አስቀምጫት፤ ሌላ ሥራ ሳትሠሩ፣ ፊት ለፊት። ይህን ያህል አለብኝ ብለሽ በቁጥር ተናገሪ። ከሚቀጥለው የምግብ ቤቶቹ ክፍያ ላይ፣ ጤፍ ሳይገዛ፣ የአንዱን ወር ስጫት። የሁለተኛውን እስከ መስቀል፣ ካልሆነም በየሳምንቱ እየቆረስሽ፤ ቀኑን ግን ወስኚና በወረቀት ጻፉት። ምክንያትሽን አታስረዝሚ፤ ምክንያቱን ታውቀዋለች። ይቅርታ መጠየቅሽን ነው ያልሰማችው።

ስለ ሩዙ ብዙ አልልም። ሩዝ መርዝ አይደለም፤ ቀላቅሎ መጋገርም በራሱ ኃጢአት ነው ብዬ አላስርሽም። ግን ሱቆቹ ምን ብለው እየሸጡት ነው? «ንጹሕ ጤፍ ነው» እያልሽ የምታስረክቢ ከሆነ ጥፋቱ ከሊጡ ላይ ሳይሆን ከቃሉ ላይ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው ይላል፤ አባይ ስያሜም ያው ሚዛን ነው። «ቅልቅል ነው» በያቸውና በቅልቅል ዋጋ አስረክቢ፤ ንጹሑን ለሚፈልግ ለብቻው አብሲት ጥለሽ ለብቻው ጋግሪ። አንዱ ምግብ ቤት ሊተውሽ ይችላል። ይህን ስጽፍ ኪሳራው ከኔ ቤት እንደማይወጣ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከነገ ጀምሮ ሁሉንም አድርጊ አልልሽም። ግን ለማን አስቀድሜ ልንገር ብለሽ ዛሬ አስቢ፤ ከደንበኞችሽ ለሕመሙ ብሎ ጤፍ ብቻ የሚበላ ሰው እንዳለ ካወቅሽ እሱ አይደር።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ አንቺ እንደ በደል አልቆጠርሽውም፣ እኔም በደል ነው ብዬ ልፈርድብሽ አልደፍርም። ስለ ባለቤትሽ «ግድግዳ እያየ ይውላል» ከማለት በቀር አልጻፍሽም። 14 ዓመት ሙሉ ሌሊት ተነሥቶ መሪ የጨበጠ ሰው፣ አሁን በዚያ አዳማ ፈጣን መንገድ የሚወጡትን መኪኖች ድምፅ እየሰማ ይውላል። ግድግዳውን ሲያይ ምን እንደሚያስብ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? እሱም በሌላው ጥግ ሆኖ «ምን በድዬው ነው» እያለ ቢሆንስ? ሂሳቡን እሱ ይያዝ፤ ትእዛዝ በስልክ እሱ ይቀበል። ደግሞ ጠይቂው፦ ተቀጣሪ ነበር? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲታመም ለመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ እንዲከፈለው ይደነግጋል። ሕመሙ ከሥራው የመጣ ከሆነ ደግሞ ስለ ጉዳት ካሳ የሚናገር ክፍል አለው። የሐኪም ማስረጃውን ይዞ የክፍለ ከተማችሁ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ዘንድ ሄዶ ይጠይቅ። ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የይርጋ ጊዜ አለውና አታዘግዩት።

የዕቁቡንም ነገር እንዲሁ። እግዚአብሔር ያውቃል ብላችሁ ተቀምጣችሁ ከሆነ፣ እግዚአብሔር ማወቁን ያውቃል፤ ለፖሊስ ግን አልተነገረም። አባላቱን ሰብስቡ፣ የተፈራረማችሁበትን ደብተርና የባንክ ደረሰኝ አንድ ላይ አድርጉ፣ አብራችሁ አመልክቱ። ብሩ ይመለሳል ብዬ ተስፋ አልሸጥልሽም። እምነትና አቤቱታ ግን አይጣሉም፤ በወንጌል ያለችው መበለት ዳኛውን እየደጋገመች ነዝንዛ ነው ፍርድ ያገኘችው፣ ጌታም የጸሎት ምሳሌ ያደረጋት እሷን ነው።

እንዴት ነው ማመን የሚቻለው ላልሽው፣ ወደ ሰራፕታዋ ሴት ልመልስሽ። ማድጋው ሞላ የሚል ቃል የለም። የሚለው ዱቄቱ አላለቀም ነው። ያቺ ሴት በየማለዳው ማድጋውን ከፍታ የምታየው ሙሉ ዱቄት አይመስለኝም፤ እፍኝ ይመስለኛል። ሁልጊዜ ታቹ ይታያታል፣ ሁልጊዜ ለዛሬ ይበቃል። በየቀኑ እጇን ስትሰድ የምትፈራም ይመስለኛል። አንቺም የጤፉን ጆንያ ከፍተሽ ታቹን ስታዪ የሚይዝሽን ፍርሃት አለማመን አትበዪው። ፈርታ እጇን ሰደደች፤ እኔ እምነት የምለው ያንን ነው። እስከ ኅዳር ያልፋል ብሎ ቀን መቁረጥ ከሆነ እምነት፣ እኔም የለኝም።

በቅዳሴም ቢሆን «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ስንል ምን እንዳጠፋን ዘርዝረን ጨርሰን አይደለም። የታመመውም፣ የበደለውም፣ የተበደለውም በአንድ ድምፅ ነው የሚለው። ምሕረትን ለመለመን የመከራሽን ምክንያት ማወቅ አይጠበቅብሽም። መርምረሽ እስክትጨርሺ እግዚአብሔር ከደጅ ቆሞ የሚጠብቅ አይምሰልሽ፤ አሁኑኑ፣ ሳትጨርሺ፣ ከነግራ መጋባትሽ አነጋግሪው። ብትቆጪም ተቆጪ። ኢዮብ ተቆጥቷል፤ በመጨረሻም እግዚአብሔር ነቀፋ ያቀረበው በሦስቱ ወዳጆቹ ላይ ነው፣ ስለ እኔ እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ።

ሌሊት መመርመሩን ግን አቁሚ። በዚያ ሰዓት የሚመጣ ሐሳብ ሁሉ ጥላው ከአካሉ ይረዝማል። በሳምንት አንድ ቀን፣ በብርሃን፣ አብሲት ጥለሽ ሊጡ ኩፍ እስኪል የምትጠብቂባት ጊዜ አለችሽ አይደል? እሷን ያዢ። ወረቀት ላይ የሰው ስም ጻፊ፤ በዚህ ሳምንት ማንን ጎዳሁ፣ ምን ላድርግለት፣ መቼ። ስም ያልተገኘለትን ተዪው። ሊጡ ሲደርስ ወረቀቱ ይታጠፍ፤ የከበደሽን ለንስሐ አባትሽ ውሰጂው። ማታ ሐሳቡ ሲመጣ «ቀን አለህ» በዪውና ዳዊት በአራተኛው መዝሙር «በሰላም እተኛለሁ አንቀላፋለሁም» ያላትን ደግመሽ ጋደም በዪ።

ለጎረቤትሽ አትቀየሚያት። የፈራች ሴት ትመስለኛለች፤ ያንቺ መከራ ምክንያት ከተገኘለት የእሷ ቤት የሚተርፍ ይመስላታል። ጳጉሜን 3 ለሩፋኤል ዝናብ ልጆቹ ደጅ ሲወጡ የእሷንም ልጆች አብረሽ ጥሪያቸው።

ለልጅቷ የመጀመሪያውን ወር የከፈልሽ ዕለት ጻፊልኝ። ምን እንዳለችሽ ማወቅ እፈልጋለሁ። ምንም ሳትል ተቀብላሽ ከሄደችም እሱንኑ ጻፊልኝ። የባለቤትሽ ወገብ እንዴት እንደ ሆነም እንዳትረሺ፤ በሚቀጥለው ደብዳቤሽ ስለ እሱ ከአንድ መስመር በላይ እጠብቃለሁ።